ከልብ ወደ ዕጢ፦ የኮሌስትሮል ክኒን ካንሰርን ያክም ይሆን?

ገሳይ ላይ ብርዱ ከጉና ተራራ ነው የሚወርደው። ባለፈው ጥር አጎቴ ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጠን የገብስ ቆሎ ስንቆረጥም፣ አጎቴ ከካፖርታቸው ኪስ የክኒን ማሸጊያ አወጡ። አቶርቫስታቲን ነው፣ ባለ 20 ሚሊግራም። ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ታቦር ላይ የግፊትና የስኳር ክትትል ሲጀምሩ «ለደም ሥርዎ ነው፣ በቀን አንዳንድ ይዋጡ» ተብለው የተሰጧቸው። የወሩን መድኃኒት ካመጡ ሁለት ሳምንት ቢሆናቸው ነው፤ ከ30ው ክኒን የቀረው ግን ሁለት ብቻ ነበር። «አጎቴ፣ ምነው ቶሎ አለቀብዎ?» አልኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእሷም እየሰጠኋት ነው» አሉኝ።

«እሷ» ያሏቸው ባለቤታቸውን፣ እትየን ነው። ግራ ጡታቸው ላይ እብጠት ካገኙ አራት ወር አልፏቸው ኖሯል፤ ከባላቸው በቀር ለማንም አልተነፈሱም። አጎቴ ደግሞ የኮሌስትሮል መድኃኒት ካንሰርን ይገድላል የሚል ንግግር ከአንድ የሰፈር ልጅ ስልክ ላይ ሰምተዋል። መድኃኒቱ ኪሳቸው ውስጥ አለ። ባህር ዳር ሩቅ ነው፤ የድንቹ ብር አልቋል፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው። ያላቸውን አካፈሏቸው።

«ውሸት ነው» ብዬ መገላገል አልቻልሁም። ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሣም፤ ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጻፍበት የኖረ ጉዳይ ነው። የዚያን ሌሊት የነገርኋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የራስዎን ክኒን አያቋርጡ፣ አያካፍሉ፤ እትየ ደግሞ ነገ ጠዋት ደብረ ታቦር ይሄዳሉ። የቀረውን መልስ እነሆ እዚህ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስታቲን ታሪክ የሚጀምረው ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ በ1933 በሰሜን ጃፓን፣ አኪታ በሚባል አገር ከገበሬ ቤት ተወለደ። ስለ እንጉዳይና ስለ መድኃኒት የነበረውን ፍቅር ያገኘው ከአያቱ ነው። አድጎ ሳንክዮ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪ ሲሆን አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ሻጋታም እንደ ሰው ጠላት አለበት፤ ጠላቱን የሚከላከለውም የዚያን ፍጡር የስብ ምርት የሚያግድ ነገር አመንጭቶ ሊሆን ይችላል። ከ1971 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል 6,000 የሚሆኑ የሻጋታና የደቂቅ ፍጥረታት ዓይነቶችን አንድ በአንድ ፈተነ። በመጨረሻ ከኪዮቶ በመጣ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ ኮምፓክቲን የተባለውን አገኘ፤ የመጀመሪያው ስታቲን እርሱ ነው። የእኛ እናቶች እንጀራ ሲሻግት ቆርጠው የሚጥሉት አረንጓዴ ነገር የቅርብ ዘመዱ ነው። ኤንዶ በ2024 በ90 ዓመቱ አረፈ፤ ግኝቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከልብ ድካምና ከስትሮክ አትርፏል።

ከካንሰር ጋር ያለው ታሪክ ግን የተጀመረው በተስፋ ሳይሆን በፍርሃት ነው። በ1980 ሳንክዮ የኮምፓክቲንን ሙከራ በድንገት አቆመ። በጣም ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ውሾች አንጀት ላይ ዕጢ የሚመስል ነገር ታየ ተባለ። አሜሪካዊው መርክም ሎቫስታቲን በተባለው የራሱ ስታቲን ላይ የጀመረውን ሙከራ ለጊዜው ገታ። ዓመታት ወስዶ እንደገና ተጣርቶ ነው ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሐኪሞች ጥያቄ «ስታቲን ካንሰር ያመጣ ይሆን?» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ዛሬ መልስ አለው። በ2012 የ27 ሙከራዎችን፣ ወደ 175,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ ያደረገ ትንተና ስታቲን ካንሰርን እንደማያመጣ አሳይቷል። በዚያው ትንተና ስታቲን የሚወስዱት ሰዎች በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በካንሰር የመያዛቸውም ሆነ የመሞታቸው ዕድል ክኒኑን ካልወሰዱት አልቀነሰም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አንባቢ ይያዝልኝ፤ የሚጮኸው ሁሉ የሚዘለው እርሱን ነው።

ታዲያ ተስፋው ከየት መጣ? ከሴሉ ውስጥ።

ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያለማ ገበሬ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ እንደ መስኖ ቦይ የሚፈስ የምርት መስመር አለ፤ ሊቃውንቱ የሜቫሎኔት መስመር ይሉታል። ስታቲን የሚዘጋው ከአናቱ ያለውን በር ነው። ከቦዩ ግርጌ ትልቁ ማሳ ኮሌስትሮል ነው፤ ነገር ግን ውኃው እግረ መንገዱን ትንንሽ መደቦችንም ያጠጣል። ከእነዚህ መደቦች በአንዱ የሚመረተው ቅባት ራስና ሮ የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ጭራ ይቀጠላል። ያለዚህ የቅባት ጭራ እነዚህ ፕሮቲኖች ከሴሉ ሽፋን ጋር መጣበቅ አይችሉም፤ ካልተጣበቁ ደግሞ «ተባዛ፣ ተንቀሳቀስ» የሚለውን ትእዛዝ ማስተላለፍ አይሆንላቸውም። ራስ ማለት በብዙ ካንሰሮች ውስጥ ተበላሽቶ፣ ማቆሚያው ጠፍቶ የሚገኘው ፕሮቲን ነው። አናቱ ላይ በሩ ሲዘጋ ትልቁ ማሳም ትንንሾቹም መደቦች አብረው ይደርቃሉ። ካንሰር ሴል ደግሞ ያለ ዕረፍት ስለሚባዛ ለአዲስ ሽፋኑ ከማንም በላይ ኮሌስትሮል ይፈልጋል።

በ2012 የወጣ ጥናት ፒ53 የተባለው የሴል ዘበኛ ሲበላሽ ይህን መስመር በሙሉ ኃይሉ እንደሚከፍተው በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ አሳየ። በ2013 ደግሞ በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮል ሲፈጭ የሚወጣ አንድ ውጤት በሰውነት ውስጥ እንደ ሴት ሆርሞን እየሆነ፣ ሆርሞን የሚመግበውን የጡት ዕጢ በአይጦች ላይ እንደሚያሳድግ ደረሱበት። እነዚህ ሁለት ግኝቶች ለእኔ ከሁሉም የቤተ ሙከራ ማስረጃዎች የበለጠ ክብደት አላቸው፤ ምክንያቱም «የትኛው ዕጢ?» የሚለውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም፤ ለአንዱ የሚሠራ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕጢን የሚገድለው መጠን ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳህን ላይ ያለ ሴል ጡንቻ የለውም፣ ኩላሊት የለውም፤ የፈለጉትን ያህል ቢያፈሱበት አይጮህም። በ1996 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሙከራ 88 ታማሚዎችን ይዞ ሎቫስታቲንን ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን እስከ 45 ሚሊግራም ድረስ ሰጥቷል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 2,700 ሚሊግራም ማለት ነው፤ አጎቴ የሚውጡት 20 ነው። ገደቡን የወሰነው ጡንቻ ነበር፦ ሕመምና መዛል። ዕጢን የማቅለጥ ኃይሉ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የጡንቻ ጉዳት ቀልድ አይደለም፤ ሰሪቫስታቲን የተባለው ዝርያ በ2001 ከገበያ የወጣው ጡንቻን እያሟሟ ኩላሊት እየዘጋ ሰው በመግደሉ ነው። ከዚህ ሌላ ካንሰር ሴልም ዝም ብሎ አይደርቅም። አናቱ ሲዘጋበት በሩን በእጥፍ ይሠራል፣ ከውጭም ኮሌስትሮል ይቀዳል። ካናዳ ቶሮንቶ ያለው የሊንዳ ፔን ቡድን ዲፒሪዳሞል የተባለ የቆየ ደም ማቅጠኛ ይህን ማካካሻ እንደሚያግድ በቤተ ሙከራ አሳይቷል፤ ሁለቱን አብሮ መስጠት ወደፊት የሚታይ መንገድ ነው።

ሁለተኛው የተስፋ ምንጭ የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ስልክ ላይ የሚዞረው ወሬም የሚቀዳው ከዚህ ነው። በ2005 ከእስራኤል የወጣ ጥናት ስታቲን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱ ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ዘገበ። በ2012 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ1995 እስከ 2007 ካንሰር የተገኘባቸውን ወደ 296,000 የሚጠጉ ሰዎች መዝገብ ገለጡ። ከበሽታው በፊት ስታቲን ይወስዱ የነበሩት 18,721 ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ15 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። ሁለቱም ጥናቶች በታላቁ የአሜሪካ መጽሔት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ነው የወጡት።

እነዚህን ቁጥሮች ከገሳይ ሆኖ ማየት ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ ስታቲን የሚወስደው ማን ነው? ለከተማ የቀረበ፣ ግፊቱን የተለካ፣ ቀጠሮውን የሚያከብር፣ የጤና መድኅን መታወቂያውን ያሳደሰ ሰው። አጎቴ በየወሩ ሐኪም ያያሉ። ሚስታቸው አራት ወር እብጠት ደብቀው ኖሩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች አወዳድሮ አንዱ ቢሻለው «ክኒኑ ነው» ማለት ይቻላል? ከክኒኑ ጋር የሚመጣው ሌላው ነገር ሁሉ፣ ክትትሉ፣ ምክሩ፣ በጊዜ መታየቱ፣ ድርሻ አለው። ዴንማርክም ውስጥ ቢሆን ይህ ልዩነት አይጠፋም። ሌላም ወጥመድ አለ። ስታቲን ለአምስት ዓመት የወሰደ ለመባል መጀመሪያ አምስት ዓመት በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ዓመት የሞተው ሰው ከሚወስዱት ወገን አይቆጠርም። ጉና ጫፍ የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ «ዳገት ዕድሜ ያረዝማል» እንደማለት ነው። እንዲሁም ካንሰር ራሱ ገና ሳይታወቅ ኮሌስትሮልን ስለሚያወርድ፣ ተደብቆ ካንሰር ያለበት ሰው ስታቲን የመታዘዙ ዕድል ያንሳል። እነዚህን ወጥመዶች ተጠንቅቀው መዝገቡን እንደገና ያሰሉ በኋላ የመጡ ጥናቶች ጥቅሙ እየሟሸሸ ሲጠፋ አይተዋል።

ዕጣ ጥሎ፣ ግማሹን ክኒን ግማሹን ማስመሰያ ሰጥቶ የሚያወዳድር ሙከራ ነው እንግዲህ ዳኛው። እስካሁን የተሰጠው ፍርድ ያሳዝናል። በብሪታንያ 846 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ ከኬሞቴራፒው ጋር ፕራቫስታቲን የተሰጣቸው ዕድሜያቸው አልተራዘመም፤ ውጤቱ በ2017 ወጣ። በኮሪያ ሲምቫስታቲን ለጨጓራ ካንሰርም ለትልቁ አንጀት ካንሰርም ተሞክሮ ምንም አልጨመረም።

ጉበት ላይ ልቆይ፤ ጉዳዩ እኛንም ይነካልና። በ2001 ከጃፓን የወጣ አንድ ትንሽ ሙከራ የጉበት ካንሰር ታማሚዎች ፕራቫስታቲን ሲጨመርላቸው አማካይ ዕድሜያቸው ከ9 ወር ወደ 18 ወር እንዳደገ ዘገበ። ዓለም ተነቃቃ። ፈረንሳዮች 323 ሰዎች ይዘው በደንብ ደገሙት፤ በ2019 የታተመው ውጤት ባዶ ነበር። ይህ በሕክምና ምርምር ሁሌም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ትንሹ ሙከራ ያበራው መብራት ትልቁ ሲመጣ ይጠፋል። ሆኖም የተረፈ ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ ከ100 ሰው 7 ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ እንዳለ የተለያዩ ጥናቶች ድምር ያሳያል፤ የጉበት ካንሰር ከሚመጣባቸው ዋና መንገዶች አንዱም ይህ ነው። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች መካከል ስታቲን የሚወስዱት በጉበት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ብሎ የታየባቸው የእስያ መዝገቦች ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ጥያቄው ስለ መከላከል ነው፤ ካንሰሩ ከመጣ በኋላ ስላለው ሕክምና አይደለም። እርሱም ቢሆን ገና መዝገብ እንጂ ዕጣ አልተጣለበትም። ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን ሥራው የታወቀ ነው።

በዘር ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም እዚህ ይገባል። አንዳንድ ሰው ስታቲን የሚዘጋውን በር ሲወለድ ጀምሮ በከፊል ዝግ የሚያደርግ የዘር ልዩነት አለው። ዕድሜ ልኩን ትንሽ ስታቲን እንደዋጠ ሰው ማለት ነው። በ2020 በብሪታንያ ከ367,000 በላይ ሰዎች ዘረመል ሲታይ እንዲህ ያሉት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ኮሌስትሮልን በሌላ መንገድ ዝቅ የሚያደርጉ የዘር ልዩነቶች ግን ይህን አላሳዩም። እንግዲህ ጥቅም ካለ ከኮሌስትሮሉ መውረድ የመጣ አይደለም፤ ከእነዚያ ከትንንሾቹ መደቦች መድረቅ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህም ነው «ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ ስለዚህ ካንሰር ያድናል» የሚለው የሰፈር ስሌት የማይሠራው። ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር ኮሌስትሮልን እንደሚያወርድ ተረጋግጧል፤ በሶ ጥሩ ምግብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ የካንሰር መድኃኒት ግን አይደለም። ጾምም እንዲሁ። ከኮሌስትሮላችን አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ስለሆነ በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ የሚጾም ሰውም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ሊገኝበት ይችላል።

በር ክፍት ሆኖ የቀረው የት ነው? በእኔ ግምት በዋናነት ሆርሞን የሚመግበው የጡት ካንሰር ላይ፣ ቀጥሎም ፕሮስቴት ላይ። ስለ ፕሮስቴቱ በአጭሩ፦ ስታቲንና ዕጢውን የሚመግበው የወንድ ሆርሞን ቅሪት ወደ ሴሉ የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ ስታቲኑ በሩ ላይ ይሻማል። በ2015 በ926 ታማሚዎች ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት የሆርሞን ሕክምና ሲጀምሩ ስታቲን ይወስዱ የነበሩት በሽታው እስኪያገረሽ 27 ወር ገደማ፣ ያልወሰዱት 17 ወር ገደማ እንደቆዩ አሳየ። ይህም መዝገብ ነው። ፊንላንዶች ግን ዕጣ ጥለው ሊፈትኑት ተነሥተዋል።

የጡቱ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ እትየም አሉበት። በ2017 የታተመ አንድ ትንተና ሆርሞን የሚመግበው የጡት ካንሰር ይዟቸው ሕክምና ላይ የነበሩ 8,010 ሴቶችን ተመለከተ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የጀመሩት በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ዝቅ አለላቸው። ከዚህ ተነሥተው ዴንማርኮች በ2020 ማስተር የተባለ ትልቅ ሙከራ ጀመሩ፦ ከ3,000 በላይ ሴቶች፣ ግማሾቹ አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም፣ ግማሾቹ ማስመሰያ። ጥያቄውን የሚዘጋው ይህ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ሜትፎርሚን አስተምሮናል። ይህ የስኳር ክኒንም በመዝገብ ላይ የጡት ካንሰርን የሚቀንስ መስሎ ታይቶ፣ 3,649 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ በ2022 ሲያልቅ ጥቅም አልተገኘበትም።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያን ለምን ይመለከታታል? ስለ አፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር ለረጅም ጊዜ የተለመደው አባባል «አብዛኛው ሆርሞን የማይሰማ ክፉ ዓይነት ነው» የሚል ነበር። በ2014 ከአዲስ አበባ የወጣ ጥናት የ352 ሴቶችን ዕጢ መርምሮ 65 በመቶው ሆርሞን የሚቀበል ሆኖ አገኘው። ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ በበቂ አለመነገሩም ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ለእነዚህ ሴቶች የተረጋገጠ፣ በአፍ የሚዋጥ፣ ርካሽ ክኒን አለ፤ ስሙም ታሞክሲፈን ነው። አምስት ዓመት በትክክል ከተዋጠ ሆርሞን በሚቀበል የጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ታሞክሲፈንም ራሱ መጀመሪያ የተፈለገው ለእርግዝና መከላከያነት ነበር፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የተሻገረ ክኒን ማለት እርሱ ነው፣ ግን በሙከራ ተፈትኖ። አጎቴ የፈለጉት ነገር፣ ከኪስ የሚወጣ የካንሰር ክኒን፣ በእውነት አለ። እርሳቸው ኪስ ውስጥ ያለው አይደለም እንጂ። እርሱን ለማግኘት ግን ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ሆርሞን መቀበል አለመቀበሉ መታወቅ አለበት፤ ይህ ምርመራ የሚሠራባቸው ቦታዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው።

ስታቲን ዛሬውኑ ለካንሰር ታማሚ ሊጠቅም የሚችልበት አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ዕጢውን በመግደል ሳይሆን ልቡን በመጠበቅ። ታማሚዎች «ቀዩ መድኃኒት» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ለጡት ካንሰር በአገራችን በሰፊው ይሰጣል። መርፌው ሲገባ እንደ ቀይ ሻይ ነው መልኩ። የጥቅሙን ያህል ጉዳትም አለው፤ የልብን ጡንቻ ያደክማል። በ2023 በ300 የሊምፎማ ታማሚዎች ላይ የታተመ ሙከራ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ከተሰጣቸው መካከል የልብ ጉልበታቸው በግልጽ የወረደው 9 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን 22 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 በ279 ሰዎች ላይ የወጣው ሌላ ሙከራ ግን ልዩነት አላገኘም፤ የእነርሱ የዶክሶሩቢሲን መጠን አነስ ያለ ነበር። ስለዚህ ይህ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። የልብ አልትራሳውንድ በየወሩ መሥራት በማይቻልበት አገር ግን ከፍተኛ መጠን ለሚወስድ ታማሚ ሐኪሙ ሊያስብበት የሚገባ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ሐኪሞች በራሳቸው ታማሚዎች ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ሙከራም ይህ ነው፦ መድኃኒቱ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ጥያቄው ግልጽ ነው፣ መልሱም ለማግኘት አሥር ዓመት አይፈጅም።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 በኢትዮጵያ 77,000 ገደማ አዲስ ታማሚዎችና ከ51,000 በላይ ሞት እንዳለ ገምቷል፤ ከአዲሶቹ ውስጥ ከ16,000 በላይ የጡት ካንሰር ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቐለና ሐረማያ ማእከል እንዲሠራባቸው ታቅዶ ከዚያ ወዲህ የተወሰነው ተጀምሯል። ሰው የሚሞተው አዲስ መድኃኒት ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ ዘግይቶ መጥቶ ነው። አራት ወር ደብቆ፣ ጠበል ሞክሮ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ቀጠሮ። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ቤትም መሄድ ይችላል፣ ብዙ ካህናትም ይህንኑ ይመክራሉ። የሐሰት ተስፋ የሚጎዳው ክኒኑ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ የሚበላው ወራትን ነው።

በሌላ በኩል ስታቲን ለተፈቀደለት ሥራ እንኳ በቂ ሰው አያገኘውም። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የዳሰሳ ጥናት ከአዋቂዎች 5.2 በመቶው ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ነበረበት፤ ግፊት ያለባቸው ደግሞ ከዚህ ይበልጣሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2011 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእኛው ፎገራ ነው። አጎቴም ክኒናቸውን የሚያገኙት በዚያ መታወቂያ ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሲያልቅ ግን ከኪሳቸው ይገዛሉ። ስኳር ያለበት ሰው ስታቲኑን ለሌላ ሲያካፍል የራሱን ልብ ነው የሚያካፍለው። ለማይታዘዝላት ሴት ደግሞ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም የጉበት በሽታ ያለባት ከሆነች፣ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ጡንቻ ሲያመው ወይም ሽንቱ እንደ ጠላ ሲጠቁር የሚውጥ ሰው ቶሎ ሐኪም ማየት አለበት።

እትየ በማግሥቱ ደብረ ታቦር ሄዱ። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሪፈር ተጽፎላቸው ባህር ዳር በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ከዚያ ቀዶ ጥገና፤ ከዚያ ቀዩ መድኃኒት አራት ዙር፤ ፀጉራቸው ሲረግፍ ሻሽ አሠሩ፣ ለጎረቤትም «ራሴን አሞኝ ነው» አሉ። የዕጢው የሆርሞን ምርመራ ውጤት ከአዲስ አበባ ለመምጣት ሰባት ሳምንት ወሰደ። ሆርሞን የሚቀበል ነው። አሁን ታሞክሲፈን ይውጣሉ፤ ለአምስት ዓመት።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር። አጎቴ ሁለቱን ክኒን እንዳያሳስቱ የእርሳቸውን ካፖርታቸው ኪስ፣ የእርሷን ደግሞ ከምሰሶው ላይ በቀይ ክር አንጠልጥለውታል። «የእሷን አልነካም፣ የእኔንም አልሰጣት» አሉኝ። ከኋላ የእትየ ድምፅ ይሰማል፤ «ማታ ማታ እኔ ነኝ የማስታውሰው፣ እሱማ ይረሳል» ይላሉ።